ፍተሻው እየጠበቀ ሲሄድ

ፋይሉ 41 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በአማርኛ ጽሑፍ ብንለካው 13 ፊደል ቢይዝ ነው። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይቀበላል፣ ይደምራል፣ ድምሩን ይመልሳል።

ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ኤዲተር ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች 0፣ 97፣ 115 እና 109 ናቸው። ከዜሮው ቀጥለው ያሉት ሦስቱ «ኤ»፣ «ኤስ»፣ «ኤም» ለሚባሉት የላቲን ፊደሎች የተሰጡ ቁጥሮች ናቸው። ቀጣዮቹ አራቱ 1፣ 0፣ 0፣ 0 ይላሉ፤ ቨርዥን አንድ ማለት ነው። ከዚያ ፈንክሽኑ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚናገሩት ይመጣሉ። 127 የሚለው ቁጥር እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱ ለሚገቡት፣ አንዱ ለሚወጣው። ትርጉሙ «ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር» ነው። አርባኛው ባይት 106 ነው። «ሁለቱን ሙሉ ቁጥሮች ደምር» የሚለው ትእዛዝ እሱ ነው።

ይህን 106 አጥፍቼ በቦታው 160 ጻፍኩ። 160ም የመደመር ትእዛዝ ነው፤ የሚደምረው ግን ባለ 64 ቢት የነጥብ ቁጥሮችን ነው። ሴቭ አድርጌ ገጹን እንደገና ጫንኩት። ብሮውዘሩ ፋይሉን አልተቀበለውም። ኮንሶሉ ላይ በቀይ የጻፈው፣ የነጥብ ቁጥር ሲጠብቅ ሙሉ ቁጥር እንዳገኘ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ጊዜው ነው። ደምር ብዬ ገና አላዘዝኩም። ፕሮግራሙ አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ነው የተመለሰው።

ዛሬ በብሮውዘር ከምንከፍታቸው ከባድ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ፋይል ይዘው ነው የሚመጡት። ፊግማ፣ የድረ ገጹ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ጉግል ኧርዝ፣ በዩኒቲና በጎዶት የተሠሩ ጌሞች፤ እነዚህ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በመሰል ቋንቋ ተጽፈው፣ ኮምፓይል ተደርገው፣ ዌብአሴምብሊ ወደሚባለው ቅርጽ ተቀይረው ነው ብሮውዘር ላይ የሚሮጡት። አውቶካድ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ድረ ገጽ የሚባል ነገር ሳይኖር በ1982 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ሁሉ ዓመት የተገነባ ኮድ ዛሬ በብሮውዘር ፍተሻ ማለፍ አለበት። ፍተሻው ደግሞ በየጊዜው እየጠበቀ ነው። ታዲያ ዛሬ የሚሠራ ፕሮግራም ከአምስት ዓመት በኋላም እንዲሠራ ምን ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስከታተለው ቆይቻለሁ፤ መልሱ መጀመሪያ ከጠበቅኩት ቦታ አልተገኘም።

በር ላይ መመለስ

ብሮውዘሩ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ድረ ገጽ በከፈትን ቁጥር ማን እንደጻፈው የማናውቀውን ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተራችን አስገብተን እያስኬድን ነው። ያ ፕሮግራም ከተፈቀደለት ሜሞሪ ውጪ ማንበብ ከቻለ፣ በሌላ ገጽ ላይ የጻፍነውን የይለፍ ቃል ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ብሮውዘሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ያነብባል። የሚገባው የቁጥር ዓይነት ከሚጠበቀው ጋር መግጠሙን፣ የሚጠራው ፈንክሽን መኖሩን፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚዘል ትእዛዝ የሚያርፍበትን ያያል። አንድ ስህተት ካገኘ ሙሉውን ፋይል ይጥለዋል። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ፈንክሽኖች ውስጥ የተበላሸው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሌሎቹ አይተርፉም።

እዚህ የተደረሰው በሁለት ሙከራዎች በኩል ነው። የመጀመሪያው ጉግል በ2008 ይፋ ያደረገው ኔቲቭ ክላየንት ነው። የፕሮሰሰሩን የራሱን ትእዛዞች በቀጥታ ተቀብሎ ያስኬድ ነበር። ኮዱ በ32 ባይት እየተከፈለ እንዲደረደር ያስገድዳል፤ ፈታሹም ማንኛውም ዝላይ የእነዚህ ክፍሎች መጀመሪያ ላይ ብቻ ማረፉን ያረጋግጣል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ከክሮም ውጪ ግን የተቀበለው ብሮውዘር አልነበረም። ጉግልም በ2017 እንደሚያቆመው አስታወቀ።

ሁለተኛው ከሞዚላ መጣ። አሎን ዛካይ ኢምስክሪፕተን የሚባለውን ኮምፓይለር በ2010 ጀመረ፤ የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይር ነው። በ2013 ዛካይ፣ ሉክ ዋግነርና ዴቪድ ኸርማን አዝም ዶት ጄኤስ የተባለውን ሥርዓት ይዘው ቀረቡ። ይህ ከጃቫስክሪፕት ውስጥ ተመርጦ የወጣ ጠባብ ክፍል ነው። ኮዱ መግቢያው ላይ ምልክት ያስቀምጣል፤ በሕጉ እንደሚሄድ ቃል መግባቱ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሙሉ ይሁን ነጥብ፣ አጻጻፉ ራሱ እንዲያሳይ ይደረጋል። በዚያው ዓመት ሰኔ የወጣው ፋየርፎክስ 22 ይህን ቃል ይፈትሽ ነበር። ከተጠበቀ ኮዱን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል። ኤፒክ የተባለው የጌም ኩባንያና ሞዚላ አንሪል ኢንጅን 3ን በአራት ቀን ውስጥ ወደ ብሮውዘር አምጥተው ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው።

አዝም ዶት ጄኤስ ግን አንድ ለስላሳነት ነበረው፤ ይህ ለስላሳነት በኋላ ብዙ ያስተማረ ይመስለኛል። ኮዱ ሕጉን ቢጥስ ብሮውዘሩ አይመልሰውም። ኮንሶሉ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ጽፎ እንደ ማንኛውም ጃቫስክሪፕት ያስኬደዋል። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ። ኮድ የሚያሳጥር መሣሪያ አንዲት ምልክት ካነሣ፣ ወይም አንድ ሰው መስመር በእጁ ካስተካከለ፣ ቃሉ ይፈርሳል፤ የሚሰማው ቅሬታ ግን «ዛሬ ጌሙ ከብዶታል» የሚል ብቻ ነው። ኮንሶል ከፍቶ የሚያይ ተጠቃሚ የለም። ችግሩን ዝም ብሎ ከሚያሳልፍ ፍተሻ ጮክ ብሎ የሚከለክል ፍተሻ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ስህተቱ የተፈጠረው መቼ እንደሆነ ይታወቃል።

ዌብአሴምብሊ በዚህ ትምህርት ላይ ቆመ። የሞዚላ፣ የጉግል፣ የማይክሮሶፍትና የአፕል መሐንዲሶች በሰኔ 2015 አብረው አስታወቁት። በመጋቢት 2017 ፋየርፎክስ 52 እና ክሮም 57 ይዘውት ወጡ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ሳፋሪና ኤጅ ተከተሉ። ከዚያ በፊት በሙከራው ወራት ከስምንቱ የመክፈቻ ባይቶች አምስተኛው፣ ማለትም የቨርዥኑ ቁጥር፣ ይለዋወጥ ነበር። ብሮውዘሮቹ ባደጉ ቁጥር የቀድሞው ቁጥር ያለበት ፋይል ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 13 ደርሶ ነበር፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ወደ 1 ተመለሰና እዚያው ቆመ። የ41 ባይቷን ፋይል አምስተኛ ባይት ወደ 13 ብለውጠው ዛሬም ብሮውዘሩ 1 ጠብቆ 13 ማግኘቱን ጽፎ ይመልሳታል። ያን ጊዜ የሙከራ ፋይል ሠርተው ሶርስ ኮዱን የጣሉ ሰዎች፣ የያዙት ፋይል ማንም የማይከፍተው ሆነ።

ያልጠበቀው መሐል፣ የጠበቀው ዙሪያ

ያልጠበቅኩት መልስ እዚህ ላይ ነው። ከመጋቢት 2017 ወዲህ የዌብአሴምብሊ የውስጥ ፍተሻ አልጠበቀም። ያኔ ያለፈ ፋይል ዛሬም ያልፋል። ሕጎቹ ከመጀመሪያው በሒሳብ ቋንቋ ስለተጻፉ ነው ይህን ያህል የጸኑት። ኮንራድ ዋት የተባለው የካምብሪጅ ተመራማሪ ሕጎቹን ኢዛቤል በሚባለው የማረጋገጫ ፕሮግራም ውስጥ ጽፎ ሲፈትሻቸው ረቂቁ ውስጥ ስህተቶች አገኘ፤ ሥራውን በ2018 አሳተመ፤ ስህተቶቹም ታረሙ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ በታኅሣሥ 2019 ሙሉ ደረጃ አድርጎ ሲያጸድቀው ከኤችቲኤምኤል፣ ከሲኤስኤስና ከጃቫስክሪፕት ቀጥሎ የድረ ገጽ አራተኛ ቋንቋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ጭማሪ ነው።

የጠበቀው ዙሪያው ነው። የዌብአሴምብሊ ፋይል ብቻውን አይሠራም። ከሰርቨር የሚያወርደው፣ ሜሞሪ የሚሰጠው፣ ድምፅና ምስል የሚያገናኘው የጃቫስክሪፕት ኮድ ያስፈልገዋል፤ ይህን አገናኝ ኮድ ብዙ ጊዜ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጽፈዋል። ብሮውዘሮች ሕጋቸውን ሲያጠብቁ የሚሰበረው ይህ ነው።

ከሁሉ የከበደው በጥር 2018 የሆነው ነው። በወሩ ሦስተኛ ቀን ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ፕሮሰሰሮች ለፍጥነት ሲሉ ቀጣዩን ሥራ ገምተው አስቀድመው ይሠራሉ፤ ግምቱ ሲሳሳት ውጤቱን ይጥላሉ፣ ዱካው ግን በካሽ ሜሞሪ ውስጥ ይቀራል። ያን ዱካ ለማንበብ በጣም ረቂቅ ሰዓት ያስፈልጋል። ብሮውዘር ውስጥ ያን ሰዓት የሚሰጥ ነገር ነበር። ሼርድ አሬይ በፈር ይባላል፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች፣ ማለትም ትሬዶች፣ አንድ ሜሞሪ እንዲጋሩ የሚያደርግ ነው። አንደኛው ትሬድ ያለማቋረጥ ቁጥር እየቆጠረ እዚያ ይጽፋል፣ ሁለተኛው እያነበበ ጊዜ ይለካል። ለአጥቂ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

በማግሥቱ ፋየርፎክስ 57.0.4 ሼርድ አሬይ በፈርን ዘግቶ ወጣ፤ የራሱንም ሰዓት ከ5 ማይክሮ ሰከንድ ወደ 20 አደበዘዘው። ክሮምም ወዲያው ተከተለ። በብዙ ትሬድ እንዲሠሩ ኮምፓይል የተደረጉ ፕሮግራሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ መሬት ከእግራቸው ሥር ተነሣባቸው። ኮዳቸው ውስጥ ስህተት አልነበረም። ፋይላቸው ፍተሻውን ያልፋል። የተነሣው የቆሙበት ነገር ነው።

መፍትሔው ዓመታት ፈጀ። ክሮም 68 በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ፕሮሰስ ለይቶ ማስኬድ ከጀመረ በኋላ፣ በኮምፒውተር ላይ መልሶ ከፈተው። ፋየርፎክስ ግን ታገሠ። በሐምሌ 2020 በቁጥር 79 ሲከፍተው ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ሰርቨሩ ሁለት ሄደሮች እንዲልክ። አንደኛው ክሮስ ኦሪጂን ኦፕነር ፖሊሲ ነው፤ ገጹን ከከፈቱት ወይም እሱ ከከፈታቸው ሌሎች መስኮቶች ይለየዋል። ሁለተኛው ክሮስ ኦሪጂን ኢምቤደር ፖሊሲ ነው፤ ገጹ ውስጥ የሚገባ የሌላ ድረ ገጽ ምስል፣ ስክሪፕት ወይም ፍሬም ራሱ ካልፈቀደ አይገባም ይላል። ክሮም 92 በሐምሌ 2021 ይህንኑ ግዴታ አደረገ። ሳፋሪ 15.2 በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተቀላቀለ።

ሁለት መስመር ሄደር መጨመር ቀላል ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሌላ ነው። ሄደሩ በተላከበት ቅጽበት ከሌላ ሰርቨር የሚመጡ ማስታወቂያዎች ይጠፋሉ። በሌላ መስኮት ተከፍቶ ክፍያ ወይም መለያ የሚያረጋግጠው አገልግሎት ከገጹ ጋር መነጋገር ያቆማል። ገጹን ነፃ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሄደር የመቀየር መብት የለውም። ጎዶት 4 በመጋቢት 2023 ሲወጣ የብሮውዘር ጌሞቹ በሙሉ ይህን ይፈልጉ ነበር፤ ትንንሽ ጌም ሠሪዎች ተቸገሩ፣ ብዙዎቹ በ3ኛው ትውልድ ላይ ቆዩ። የጎዶት ቡድን በነሐሴ 2024 ባወጣው 4.3 ያለ ትሬድ የሚሠራውን መንገድ መልሶ አመጣው። ወደ ኋላ መሄድ የሚመስል፣ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክል የሆነ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ትሬድ የማያስፈልገው ጌም ለማያስፈልገው ነገር ዋጋ መክፈል የለበትም።

ድምፅም የራሱ ታሪክ አለው። ክሮም 66 በሚያዝያ 2018 ተጠቃሚው ሳይነካ ድምፅ የሚያሰሙ ገጾችን ዝም አሰኘ። የታሰበው ለሚያስቸግሩ ማስታወቂያዎች ነበር፤ የተመታው ግን ብዙ ዓመት የቆየ ጌምም ነው። ጌም ሠሪዎች ባሰሙት ጩኸት ጉግል የዌብ ኦዲዮን ክፍል ለጊዜው መለሰና በታኅሣሥ፣ በክሮም 71፣ እንደገና ሥራ ላይ አዋለው። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው፤ ተጠቃሚው ስክሪኑን መጀመሪያ ሲነካ ድምፁን ማስቀጠል። እነዚያን መስመሮች የሚጨምር ሰው ያለው ጌም ዳነ። ባለቤቱ የተወው ጌም ግን ዛሬም ድምፅ ላይኖረው ይችላል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ፋይሉ እየወረደ ሳለ ኮምፓይል እንዲደረግ የሚያስችለው ፈጣኑ መንገድ ሰርቨሩ «አፕሊኬሽን/ዋዝም» የሚል ማይም ታይፕ እንዲልክ ግድ ይላል፤ ካልላከ ይከለክላል፣ የኢምስክሪፕተን አገናኝ ኮድም ወደ ዘገምተኛው መንገድ ይወርዳል። ኮንቴንት ሴኩሪቲ ፖሊሲ ያለው ገጽ ደግሞ ለዌብአሴምብሊ ለብቻው መፍቀድ አለበት፤ ክሮም ይህን የተለየ ፈቃድ ያመጣው በጥር 2022 በቁጥር 97 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምርጫ ከጽሑፍ ኮድ ፈጥሮ ማስኬድን ጭምር የሚፈቅድ አደገኛ በር መክፈት ነበር።

ፍተሻው ያወጣው የቆየ ስህተት

እስካሁን ያወራሁት ከውጭ ስለሚመጣ ጫና ነው። ጥብቅነት ለዓመታት የተደበቀ ስህተትን ሲያወጣ ደግሞ ማየት ደስ ያሰኛል። ፓይተንን ወደ ብሮውዘር ያመጣውን ፓዮዳይድን ልውሰድ። ማይክል ድሮትቡም በሞዚላ በ2018 የጀመረው ሥራ ነው። ፓይተን ራሱ በሲ የተጻፈ ስለሆነ ኮምፓይል ተደርጎ ዌብአሴምብሊ ይሆናል፤ በሲ የተጻፉ ተጨማሪ ሞጁሎችም አብረውት ይመጣሉ።

በእነዚህ ሞጁሎች ውስጥ ከፓይተን በኩል ምንም ግብአት የማይወስዱ ፈንክሽኖች አሉ። ደንቡ እነዚህም ቢሆኑ በሲ ሲጻፉ ሁለት ግብአት እንዲኖራቸው ያዛል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ብዙ ሰው «ባዶ ከሆነ ምን ያደርጋል?» ብሎ አንድ ብቻ ጻፈ። በተለመደው ኮምፒውተር ላይ ምንም አይሆንም። ጠሪው ሁለት እሴት ያቀብላል፤ ሁለተኛው ማንም በማያነበው ሬጅስተር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። እንዲህ ያለ ኮድ ዓመታት ይሠራል፣ ፈተና ያልፋል፣ ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበታል።

ዌብአሴምብሊ ግን በአድራሻ የሚጠራን ፈንክሽን በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ያመሳክራል። ጠሪው «ሁለት ሰጥቼ አንድ እቀበላለሁ» ካለና ፈንክሽኑ «አንድ ብቻ ነው የምወስደው» ካለ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል፤ ብሮውዘሩም የፈንክሽን ፊርማ አልገጠመም ይላል። ኢምስክሪፕተን ለዚህ ማለፊያ አለው፤ እያንዳንዱን ፈንክሽን ብዙ ግብአት እንደሚቀበል አስመስሎ ይጠቀልላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስታክ ይበላል፣ ያዘገያል። የፓዮዳይድ ሰዎች ኋላ ላይ ይህን ማለፊያ አንሥተው የተሻለ መንገድ መረጡ። ጥሪውን በጃቫስክሪፕት በኩል አሳለፉት፤ ጃቫስክሪፕት ትርፍ ግብአት ቢሰጠው ግድ የለውም፣ ይተወዋል። ከዚህም በላይ የወደድኩት ስህተቶቹን ወደየባለቤቶቻቸው መላካቸውን ነው። ብሮውዘር ጨርሶ የማያሳስበው የሳይንስ ሞጁል፣ ብሮውዘር በመጠንቀቁ ምክንያት ኮዱ ታረመ።

በተቃራኒው አቅጣጫ

ስለ ተኳኋኝነት ሲወራ ሁልጊዜ አሮጌ ፋይልና አዲስ ብሮውዘር ይታሰባሉ። ለእኛ አገር ግን ተቃራኒው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ አዲስ ፋይልና አሮጌ ብሮውዘር። ብዙ ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ ነው፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ ዓመታት ያስቆጠረ አንድሮይድ ነው። ዳታ እንዳይጨርስ ወይም ቦታ እንዳይሞላ ተብሎ አፕዴት ይዘጋል።

ችግሩን ለማየት አንዲት ዜሮ ትበቃለች። በ2017ቱ ሕግ በአድራሻ የመጥራት ትእዛዝ ኋላ አንድ የተያዘ ባይት አለ፤ የግድ 0 መሆን አለበት። በኋላ ሕጉ ሰፋና ያ ቦታ የሠንጠረዥ ቁጥር መያዣ ሆነ፤ ቁጥሩም በተለዋዋጭ ርዝመት ሊጻፍ ተፈቀደ። በጥቅምት 2024 የወጣው የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ 1.82 የሚጠቀምበት ኮምፓይለር ይህን አዲሱን ሕግ ያለ ጥያቄ ሥራ ላይ ማዋል ጀመረ። ያችን ዜሮም በአምስት ባይት ይጽፋታል፦ 128፣ 128፣ 128፣ 128፣ 0። ትርጉሙ ያው ዜሮ ነው። አዲስ ብሮውዘር ያነባታል። ሕጉ ከመስፋቱ በፊት የተሠራ ብሮውዘር ግን ዜሮ ጠብቆ 128 ያገኛል፤ ሙሉውን ፋይል ይመልሳል። ፕሮግራመሩ ከኮዱ አንድ መስመር አልቀየረም። ኮምፓይለሩን አፕዴት ማድረጉ ብቻ ነው።

በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቁጥር የሚያሰሉት ሲምድ የሚባሉት ትእዛዞችም እንዲሁ ናቸው። ክሮም በ2021 ተቀበላቸው፤ ሳፋሪ ግን እስከ መጋቢት 2023 አልያዛቸውም ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ የሲምድ ትእዛዝ ያለበት ፋይል አይፎን ላይ አይከፈትም ነበር። መውጫው ራሱ ፍተሻው ውስጥ ነው። ብሮውዘሮች ባይቶች ሲሰጧቸው ሳያስኬዱ «ትክክል» ወይም «ስህተት» ብለው ብቻ የሚመልሱበት መንገድ አላቸው። ጥቂት ባይት ያላት፣ አንድ አዲስ ትእዛዝ ብቻ የያዘች ፋይል ለብሮውዘሩ ትሰጠዋለች። ከተቀበላት ፈጣኑ ፋይል ይወርዳል፤ ካልተቀበላት የቆየው። ሁለት ፋይል ማዘጋጀት ድካም ቢሆንም፣ ስልክ መቀየር ያልቻለውን ሰው ደጅ ከማስቀረት ይሻላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፍለተር በሚባለው የአፕ መሥሪያ የተሠራ የድረ ገጽ አፕ ጽሑፉን ብሮውዘሩ እንዲስልለት አይጠይቅም፤ ካንቫስኪት የሚባለውን ወደ ዌብአሴምብሊ ኮምፓይል የተደረገ የመሳያ ላይብረሪ ይዞ ራሱ ይስላል። ስለዚህ ስልኩ ውስጥ ያለው የግዕዝ ፎንት ለእሱ የለም። አፕ ሠሪው ፎንት አብሮ ካላስገባ፣ ኖቶ የተባለውን ፎንት ከጉግል ሰርቨር ያወርዳል፤ እስኪደርስ ፊደሎቻችን ባዶ ሳጥን ናቸው። ድርጅቱ የደኅንነት ፖሊሲውን አጥብቆ ያን ሰርቨር ከፈቃድ ዝርዝሩ ካወጣው ደግሞ ሳጥኖቹ እንደ ሳጥን ይቀራሉ። በእንግሊዝኛ ሲፈተሽ ሁሉም ደኅና ነው፤ አማርኛ የከፈተው ሰው ግን የሚነበብ ነገር የለውም። ፎንቱን አፕ ውስጥ ማስገባት የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። ሳይደረግ ሳይ ያናድደኛል።

ሶርስ ኮዱ የማን እጅ ነው?

በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አዶቢ ፍላሽ የተባለውን የብሮውዘር ማጫወቻ አቆመ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ ይዘቱን ማስኬድ እንቢ አለ። የደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት አንዳንድ የግብር ቅጾቹ ገና በፍላሽ ነበሩ። በዚያው ወር መሥሪያ ቤቱ ፍላሽ የሚከፍት የራሱን ብሮውዘር አዘጋጅቶ ለግብር ከፋዮች አቀረበ። የማቆሚያው ቀን የተነገረው ከሦስት ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ2017፣ ነበር። ጌሞቹና አኒሜሽኖቹ ከዚህ የተሻለ ዕድል አገኙ። ራፍል የሚባል በራስት የተጻፈ ፕሮግራም ፍላሽን ይተካል፤ ራሱ ዌብአሴምብሊ ሆኖ ብሮውዘር ውስጥ ይሮጣል። ኢንተርኔት አርካይቭም ከኅዳር 2020 ጀምሮ የቆዩ የፍላሽ ሥራዎችን በእሱ እያሳየ ነው። ይህ የሆነው ግን በጎ ፈቃደኞች የአንድን ሙሉ ማሽን ሥራ ከባዶ ስለጻፉ ነው፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ቅጽ ብሎ ይህን የሚደክም የለም።

እስከ ዛሬ ካየኋቸው፣ ጥብቅነት ሲመጣ የተሻገሩት ሁሉ አንድ ነገር ነበራቸው፤ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይችሉ ነበር። ፊግማ በአዝም ዶት ጄኤስ ጀምሮ በ2017 ወደ ዌብአሴምብሊ ሲዞር የመጫኛ ጊዜው በሦስት እጥፍ አጠረ፤ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮዱ በእጁ ስለነበረ የተለወጠው በዋናነት የኮምፓይለሩ ውጤት ነው። ያልተሻገሩት ውጤቱን ብቻ የያዙት ናቸው። እኛ ጋ አንድ ድርጅት አፕ ሲያሠራ የሚረከበው ብዙ ጊዜ የሚሠራ ገጽና የይለፍ ቃል ነው። ሠሪው ሥራ ቢለውጥ ወይም አገር ቢለቅ፣ በቀጣዩ የብሮውዘር ለውጥ ቀን አፑን የሚያነሣው ሰው ምንም አይኖረውም።

ውል ሲፈረም የሚጠየቀው ዝርዝር ረጅም አይደለም። ሶርስ ኮዱ፤ የኮምፓይለሩ ትክክለኛ የቨርዥን ቁጥርና የተጠራበት ትእዛዝ፤ የተጠቀመባቸው ላይብረሪዎች ከነቁጥራቸው፤ የሰርቨሩ ሄደሮች የተጻፉበት ፋይል። ርክክቡም የሚፈረመው በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን፣ ምንም ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከነዚህ ብቻ ተነሥቶ አፑ ሲገነባና ሲከፈት ነው። ከዚያ በኋላ ክሮምና ፋየርፎክስ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ቨርዥን ስለሚያወጡ፣ የሚቀጥለውን ቨርዥን ቤታ ቀድሞ ጭኖ አፑን የሚከፍት፣ ኮንሶሉንም የሚያነብብ አንድ ሰው ይመደብ። አንዱ ፍተሻ በአማርኛ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ አፕዴት ባልተደረገ ስልክ ላይ።